ምሥጢሩን ለማንም እንዳትነግር

ደሴ ላይ ዓለምን የሚገዙት ሰዎች ማንነት የሚታወቀው በቶና ነው። አቦሉ በጤፍ ዋጋ ያልቃል። ቶናው ሲቀዳ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኢሉሚናቲ» ይላል፤ በረካ ላይ ሳይጠረጠር የሚቀር ዘፋኝ የለም።

ዋናው ኢሉሚናቲ እ.ኤ.አ. በ1776 ባቫርያ ውስጥ አንድ የሕግ መምህር ያቋቋመው ማኅበር ነበር፤ 10 ዓመት ሳይሞላው መንግሥት በአዋጅ ዘጋው። ባለአንድ ዶላሩ ላይ ያለው ዐይንና ፒራሚድ ደግሞ በ1782 የጸደቀው የአሜሪካ ማኅተም ጀርባ ነው፤ ገንዘቡ ላይ የወጣው በ1935። ከሥሩ በሮማ ቁጥር የተጻፈው 1776ም የነጻነት ዓመታቸው ነው። ይህን ቡና ላይ የተናገረ «አንተንም አስገቡህ?» ይባላል።

የዛሬዎቹ በቴሌግራም ይመለምላሉ። ምሥጢራዊ ማኅበር ስልኩን ለጥፎ! መጀመሪያ ትንሽ የመመዝገቢያ ብር፣ ቀጥሎ የቀለበት መላኪያ፣ ከዚያ ቀለበቱ ጉምሩክ «ይያዛል»። የተበላውም ፖሊስ ጋ አይሄድም፤ ምን ሊል? ሰይጣን አጭበረበረኝ?

በሙያማ የአገራችን ደብተራ ይሻላል፤ ቢያንስ ዕቃውን ያስረክባል። ክታቡ የበግ ወይም የፍየል ብራና ነው። ቁራጮቹ በጠፍር ይሰፉና ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆናል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ጽሑፉ በጥቁር፣ መክፈቻውና ስሙ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ነው። ቀድሞ ተጽፎ፣ የስሙ ቦታ ባዶ ሆኖ ገዢ የሚጠብቅም አለ። ነገር የሚበላሸው እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ነው፦ የክርስትና ስሙን ትቶ የመጠሪያውን ያስጻፈ ሰው ለማያውቀው ሞክሼው ዘበኛ ቀጠረ ማለት ነው። ክታቡ እጅ ሲለውጥ ደግሞ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው ይገባል፤ አጋንንቱ ዝውውሩን በምን እንደሚሰሙ እንጃ።

ኮከብ ሲቆጠር የባለጉዳዩና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ይደመሩና በ12 ይገደፋሉ። 1 ቢተርፍ ሐመል፣ 2 ቢተርፍ ሰውር፣ ምንም ባይተርፍ ሑት። እናትየው በቁልምጫ ስሟ ብቻ ከታወቀች ልጇ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ኮከብ ተሸክሞ ይኖራል። የኮከቦቹ ስሞች ከዐረብኛ የመጡ ናቸውና፣ ደብተራውና ሼሁ በምድሩ ቢለያዩ በሰማዩ አይጣሉም። ለወሎ ይህ ብርቅ አይደለም።

ችግሩ የሰፈር አዋቂ አይታመንም፤ ዱቤውን ሁሉ ያውቁበታላ! ስለዚህ የደሴው ወደ ወልድያ፣ የወልድያው ወደ ደሴ ይሳፈራል። ውጫሌ ቁርስ ላይ ይገናኛሉ።

«ምነው፣ በደኅና?»

«ዘመድ ጥየቃ ነው። አንተስ?»

«እኔም ዘመድ ጥየቃ።»