ባንዲራ ማውረድ ነውር ሆነ እንዴ?

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር በአንድ ስብሰባ ላይ፣ ለጥምቀት የተሰቀሉት ባንዲራዎች መቼ ነው የሚነሱት ተብሎ ተጠየቀ። መድረክ ላይ የነበሩት ሰውዬ "ሕዝብ በፍቅር የሰቀለውን ማውረድ ነውር ነው፤ ለከተማዋም ድምቀት ነው፤ ይቆዩ" ብለው አረፉት። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔን ያበገነኝ ጭብጨባው ነው።

የምን ድምቀት? እስቲ ፒያሳ ላይ ቀና በሉ። አረንጓዴውን ፀሐይ በልቶታል፣ ቢጫው ነጥቷል፣ አንዱ መብራት ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ ግማሹ የለም። አንድ ሱቅ በር ላይማ ቀዩ ከላይ ሆኖ ተሰቅሏል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ እኮ የቦሊቪያ ነው! ኮከብ ይኑረው አይኑረው ብሎ ሲናቆር የሚውለው ሁሉ ለዚህ ትንፍሽ አይልም።

ደግሞስ ማውረድ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ይህን ከአፉ ያወጣል? ጠዋት ተሰልፈን እየዘመርን እንሰቅል ነበር፣ ማታ እናወርድ ነበር። የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001ም ሲወጣ ጠዋት ይሰቀላል፣ ማታ ይወርዳል ነበር የሚለው። ትልልቆቹን ጠይቁ፤ ድሮ ባንዲራ ሲወርድ መንገደኛው ባለበት ቀጥ ይላል፣ መኪና ሳይቀር ይቆማል። ገመዱን የሚለቀው ልጅ ቀስ እያለ ነው፤ ሌላው ከሥር እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ጫፉ መሬት ከነካ ጉዱ ነው፤ ከዚያ ለሁለት ይዘው አጥፈው ወደ ቢሮ ያስገቡታል። ክብር ማለት ይሄ ነው። መስቀልማ ማንም ይሰቅላል፣ ፎቶ አለዋ! ባንዲራ ሲያወርድ ፎቶ የተነሳ ኃላፊ አይታችኋል? ማውረድ የማያውቅ ሰው መስቀሉንም አያውቅበትም፣ በቃ።

"ገመድ ላይ ያለው ጌጥ ነው፣ ሕጉ አይመለከተውም" የሚሉ አሉ። እሺ፣ በየማታው ይውረድ አላልኩም። ግን ሠርጉ ካለፈ በኋላ ድንኳኑን ወር ሙሉ የሚያቆም ማን ነው? ሲሰቀል ባንዲራ፣ ሲቀደድ ጌጥ!

ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። በየዓመቱ ጥር 13 ጠዋት የሚያወርድ ሰው ከአሁኑ ይመደብ። መሰላሉ እንደሆነ ሲሰቅሉ የተጠቀሙበት አለ።