ከትልቁ መስመር ላይ መብራት አይቀጠልም

ወገኖች፣ አንድ ነገር ላርም። "ትልቁ መስመር በሆለታ በላያችን እያለፈ እኛ ጨለማ ውስጥ ነን፣ አንድ ሽቦ ቢስቡልን ይበቃል" የሚለውን ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ቁጭቱ ይገባኛል፣ እኔም የከተማው ዳር ነው የምኖረው። ግን ከህዳሴ ግድብ በዴዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው መስመር 500 ሺህ ቮልት ነው፤ ቤታችን የሚገባው 220። ኃይሉ በመንገድ ብዙ እንዳይባክን ነው ቮልቴጁ እንዲህ የሚያድገው። ከዚያ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ ይቀንሱታል፣ ብዙ ጊዜ እስከ 15 ሺህ፣ መጨረሻ ላይ ሰፈር ያለው ትራንስፎርመር ወደ 380 (ለባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ) እና 220 (ለተራው ቤት) ያወርደዋል። ቆጣሪያችሁ ላይ የተጻፈውን ቮልት አይታችሁ አመሳክሩ። በራሴ ልቀጥል የሚል ካለ ደግሞ እባካችሁ ተዉ! ሽቦውን ሳይነካው፣ ገና ሲጠጋ ኤሌክትሪኩ አየሩን ዘሎ ይገድለዋል። መጠየቅ ያለብን የሰፈር ትራንስፎርመር ነው።