ለተከበሩ «ሳይክል ማቆም ክልክል ነው»

ለ፦ ሐዋሳ፣ ፒያሳ፣ ባለ መስታወቱ ሕንፃ በር ላይ ለቆሙት ማስታወቂያ
ጉዳዩ፦ የት ላቁም?

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቀለምዎ ደህና ነው? ባለፈው ክረምት ግራ ጎንዎ ዝጎ አይቼ ደንግጬ ነበር። ደግነቱ ሳይውል ሳያድር ቀቢ መጣልዎት። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ስንት ጊዜው ነው፣ እሱን የሚቀይር አልተገኘም። ለእርስዎ ግን ቀይ ቀለም ጠፍቶ አያውቅም። ሲያንስዎት ነው።

እኔ ጠዋት ጠዋት ከአቶቴ በሳይክል የምመጣ፣ እዚሁ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። በየቀኑ እንገናኛለን። እርስዎ ቆመው፣ እኔ የማቆምበት አጥቼ።

ሥልጣንዎ ያስቀናል። በአራት ቃል የሐዋሳን ሕዝብ ግራ ያጋባሉ። ሐዋሳ እኮ የሳይክል ከተማ ናት። ከሌላ አገር የመጣ ሰው መጀመሪያ ሐይቁን ያነሳል፣ ቀጥሎ ዓሣውን፣ ከዚያ ሳይክሉን። መሬቷ ሜዳ ነው። ታቦር ላይ ልውጣ ካላሉ በቀር ዳገት የሚባል ነገር የለም። ተማሪው በሳይክል፣ አናጢው መጋዙን ከኋላ አስሮ በሳይክል፣ አባት ልጁን ፊት ለፊት አስቀምጦ በሳይክል። ይህ ሁሉ ሰው የሚሄድበት ሲደርስ ማን ይቀበለዋል? እርስዎ።

የመጀመሪያ ቀን ትዝ ይልዎታል? ሳይክሌን ግድግዳው ላይ ደገፍ ከማድረጌ ጥበቃው ከወንበራቸው ተነሱ።

«ወንድሜ፣ ጽሑፉን አታይም?»
«አየሁት ጋሼ። የት ላቁም ታዲያ?»
«እሱን እኔ አላውቅም። እዚህ እንዳይቆም ነው የተነገረኝ።»

ሰውዬው እውነታቸውን ነው። እርስዎም ላይ የተጻፈው ይኸው ነው። የት እንደማይቻል እንጂ የት እንደሚቻል የሚናገር ላሜራ በዚህ ከተማ እስካሁን አላየሁም።

ምድር ቤቱን ልሞክር ብዬም ነበር። የመኪና ማቆሚያ አለ፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ መብራት አለው፣ መስመሩ በነጭ ተሰምሯል። ሳይክሌን እየገፋሁ ወረድኩ። ታች ያለው ልጅ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ታርጋ አለው?» አለኝ። የለውም አልኩት። «እንግዲህ» አለ። በቃ፣ «እንግዲህ» ብቻ። ከጀርባው ስድስት ባዶ ቦታ ቆጥሬያለሁ።

አንዱን ባዶ ቦታ ልንገርዎት። የአንድ መኪና ማቆሚያ ወርዱ 2.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ ነው። ሳይክል ርዝመቱ 1.8 ሜትር ቢሆን ነው። በየአንድ ሜትሩ አንድ አንድ ብረት ቢተከል አምስት ብረት ይገባል። አንዱ ብረት በግራና በቀኝ ሁለት ሳይክል ይይዛል። አሥር ሰው ማለት ነው። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የሚቆመው አንድ ፒክ አፕ ነው፣ እሱም ከሳምንት አራቱን ቀን አይመጣም።

ብረቱ ደግሞ ምንም ጥበብ የለውም። እንግሊዞች በሼፊልድ ከተማ ስም ይጠሩታል። አንድ ቧንቧ ይታጠፍና ሁለት እግር ይሆናል፣ ሲሚንቶ ውስጥ ይተከላል፣ ቁመቱ 75 ሳንቲሜትር ገደማ። አለቀ። ሳይክሉ ወገቡን ደገፍ ይላል፣ አካሉም ጎማውም አብሮ ይታሰራል። መናኸሪያ አካባቢ ያለ ማንም ብየዳ ቤት ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል።

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጎረቤት ያለው ሕንፃ «እኛ ዘመናዊ ነን» ብሎ ማቆሚያ አሠራ። የፊት ጎማ ብቻ የሚነክስ ነው፣ እንደ ወጥመድ። አንድ ቀን ተደስቼ አቆምኩ። አንዱ ባጃጅ ሲዞር ነካ አደረገው፣ ሳይክሉ ወደቀ፣ ጎማው ግን ተነክሶ ቀረ። ስመጣ ቸርኬው ስምንት ቁጥር ሠርቷል። ጠጋኙ አዙሮ አዙሮ አየውና «ማን ረገጠው?» አለኝ። ማቆሚያው ነው አልኩት። አላመነኝም። እና ክቡርነትዎ፣ ማቆሚያ አለ ማለት ብቻውን አይበቃም። ልኩ የታወቀ፣ ከበሩ ያልራቀ፣ ጥበቃው ከተቀመጠበት የሚታይ መሆን አለበት። ቀኑን ሙሉ ለሚውል ሠራተኛ ደግሞ ጣሪያ ያስፈልገዋል። የሐዋሳን ፀሐይና የሐምሌን ዝናብ ያየ ኮርቻ ምን እንደሚመስል ተቀምጠው ይዩት።

ስለ ላብም እናውራ፣ ሰው ሁሉ የሚያፍርበት ስለሆነ። ከአቶቴ እዚህ ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሕንፃው ሰባት ፎቅ ነው፣ መታጠቢያ ክፍል ግን አንድም የለውም። የምቀይረው ሽንት ቤት ውስጥ ነው። ወለሉ እርጥብ ነው። በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ሱሪዬን በጥርሴ ይዤ፣ ጫማዬን ቧንቧው ላይ ሰቅዬ። ከውጭ ደግሞ ሰው ያንኳኳል። አንድ ቀን አለቃዬ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ብሏል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሳይክል መንዳት የምትወድ ነበረች፣ በዚሁ ምክንያት ባጃጅ ጀመረች። ሻወር ለሁለት፣ ቁም ሳጥን ለልብስ፣ ይህን ያህል ነው የጠየቅነው። ለጄኔሬተሩ የተሰጠው ክፍል ከእኔ ቤት ይሰፋል።

ባለ ሕንፃውን አልወቅስም። እሱ ያልተጠየቀውን ለምን ይሠራል? የመኪና ማቆሚያውን ያሠራው መኪና ስለሚወድ አይደለም፣ ፕላኑ ላይ ስለሚጠየቅ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ ይኑረው አለ። ተጻፈ፣ ራምፕ መታየት ጀመረ። አንዳንዱ ራምፕ ከፍየል በቀር የሚወጣው ባይኖርም፣ ቢያንስ «የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ለሳይክልም ከተማው እንዲህ አድርጎ ቢጽፈው ምን ይለዋል? ለዚህን ያህል ሠራተኛ ይህን ያህል ማቆሚያ፣ ለደንበኛ ይህን ያህል፣ ከበሩ ይህን ያህል ሜትር። የኔዘርላንዷ ዩትሬክት ባቡር ጣቢያዋ ሥር 12,500 ሳይክል የሚያቆም ቤት ሠርታ በ2019 እ.ኤ.አ. ጨርሳለች። እኛ አሥር ነው ያልነው። ደግሞም የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አገሪቱ አላት፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የአሥር ዓመት። እግረኛና ሳይክል ይቅደሙ የሚል ነው። ላም አለኝ በሰማይ። ወተቷ ፒያሳ አልደረሰም።

እስከዚያው ሳይክሌን ያላሰርኩበት የለም። ዘንባባ ላይ አስሬያለሁ፣ ቅርንጫፍ ወደቀበት። የመብራት ምሰሶ ላይ አስሬያለሁ፣ ኮርቻውን ፈትተው ወሰዱት፣ ቆሜ እየነዳሁ ቤቴ ገባሁ። ሐይቁ ዳር አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ እንኳ የፈለገበት ጣሪያ ላይ ሲያርፍ ታርጋ የሚጠይቀው የለም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት ሜትር ይዤ መጥቼ ለካሁዎት። ይቅርታ፣ ሳላስፈቅድ ነው። ሰውነትዎ የታጠፈ ቧንቧ ነው። ሁለት እግር አለዎት፣ ሲሚንቶ ውስጥ ተተክለዋል። ቁመትዎ 80 ሳንቲሜትር። መሐል ላይ ላሜራ ተበይዶብዎታል እንጂ፣ ክቡርነትዎ፣ እርስዎ ራስዎ የሳይክል ማቆሚያ ነዎት። ይህን ሳውቅ ትንሽ አዘንኩልዎት።

ያን ዕለት አምሽቼ ወጣሁ፣ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። የመስታወቱ መብራት ጠፍቷል። ጋሼ ለሌሊት ተረኛ ሆነው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንድ አሮጌ ጥቁር ሳይክል አለ። በሰንሰለት ተጠፍሮ፣ በጓጉንቸር ተቆልፎ፣ እርስዎ ላይ ታስሯል።

«ጋሼ፣ ይሄስ?» አልኳቸው።

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ወደ ሌላ በኩል እያዩ፣

«የት ላቁመው ታዲያ?» አሉኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ