ይድረስ ለሰፈራችን መውጫ የለሽ ቅያስ

ክቡር ቅያስ ሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ።

አንቱ የምልዎት ለዕድሜዎ አይደለም፤ የትናንት ልጅ ነዎት። ግን ደሴ ውስጥ እንዳንቱ ፍንክች የማይል ሽማግሌ አላየሁም።

የተዋወቅነው ቤት ልከራይ የመጣሁ ቀን ነው። ባለ ባጃጁ ኮብልስቶኑን አምኖ ገባ። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድን ግንብ ገጠመን። አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቷል። መዞሪያ የለም። «አብሽር» አለኝና እየተንገጫገጨ ወደ ኋላ ወጣ። ሂሳቡን ግን እጥፍ ተቀበለኝ።

ደሴ ድሮም ቀጭን ናት። በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል ተጣብቃ ወደ ላይና ወደ ታች ነው የረዘመችው። ስለዚህ ሁላችንም ዞረን ዞረን ዋናው አስፋልት ላይ እንገናኛለን። ተራራውን ይቅር ብዬዋለሁ። አንቱ ግን ተራራ አይደሉም!

የድሮ ሰፈሮች ጉራንጉራቸው ያደናግራል፤ ግን ያወጣል። እግር ነዋ የቀደደው። አዲሱን ሰፈር ግን አጥር ቀደመው። አንዱ ማኅበር የራሱን ቦታ ሸነሸነ፣ ሌላውም የራሱን። ሁለቱን ማን ያገናኛቸው?

ዘመድ የለዎትም አልልም። አሜሪካኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ራድበርን የሚባል ሰፈር ቆርቁረው፣ መኪና በልጆች መሃል እንዳያልፍ ብለው መንገዱን ሆን ብለው ዘግተዋል። ለእግረኛ ግን ከጓሮ በኩል መተላለፊያ ትተዋል። አንቱ መዝጋቱን ወሰዱ፣ መተላለፊያውን ረሱት።

የሚያናድደኝ ደግሞ ዕድሜዎ ነው። ቤት ይፈርሳል፤ መንገድ አንዴ ከተሰመረ ማን ይነካዋል? የኒውዮርክ ማንሃታን መንገዶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1811 በወጣው ፕላን ላይ አሁንም አሉ። የልጅ ልጄም አንቱን ሊዞር ነው።

ከግንቡ ማዶ አክስቴ አለች። ቡና ስትወቅጥ ይሰማኛል። ዕጣኑ ይሸተኛል። «ና እንጂ አንተ!» ትለኛለች። እወጣለሁ። እስከ አስፋልቱ፣ በአስፋልቱ ቁልቁል፣ በሌላ ቅያስ ሽቅብ፣ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ከነቤተሰቡ ጠይቄ ስደርስ አቦሉም ቶናውም አልቋል። በረካ ነው የሚጠብቀኝ። ሁልጊዜ በረካ፣ ያቺ ውሃ የመሰለች!

ባለፈው ዓርብ አክስቴ መላ ዘየደች። ስኒውን ዘንቢል ውስጥ አድርጋ በገመድ በግንቡ ላይ ሰደደችልኝ። ግማሹ ጠርሙሱ ላይ ፈሰሰ። የቀረችው ግን አቦል ነበረች።

አክባሪዎ፣
ከግንቡ ወዲህ ያለሁት