ይድረስ ለክብርት ክብ

ጉዳዩ፦ በቪዲዮ ጥሪ መሃል ስለሚሰጡን ያልተቋረጠ አገልግሎት

ክብርት ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ራስዎን ማስተዋወቅ አያስፈልግዎትም። ከሩቅ ዘመዱ ጋር በስልክ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቅዎታል። «እንደገና በማገናኘት ላይ» ከምትለዋ ጽሑፍ ከፍ ብለው፣ የሰው ፊት መሃል፣ አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫው ላይ ተቀምጠው የሚዞሩት እርስዎ ነዎት። የሚሄዱበት የለ፣ የሚደርሱበት የለ፤ ሥራ ግን ፈትተው አያውቁም። ድምፅ ይቆማል፣ ምስል ይቆማል፣ እርስዎ ይዞራሉ። ለዚህ ጽናትዎ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብዙ ቆየሁ፤ ያለፈው እሑድ ግን ዝም ብዬ እንዳልቀመጥ አደረገኝ።

እሑድ አባቴ 80 ዓመት ሞላው። ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱ ተሰብስቧል። የጎደልኩት እኔ ብቻ ነኝ። እህቴ ስልኳን ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝታ ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳውን አክዬ እንድታይ አደረገችኝ። «የልጆቹን ንግግር የሩቁ ያድርግ» ተብሎ ተወስኗል።

መጀመሪያ የልደት መዝሙሩ ተዘመረ። እነሱ አንድ ላይ ጀመሩ፤ ድምፃቸው እኔ ዘንድ ዘግይቶ ደረሰ፤ እሱን ተከትዬ ስዘምር የእኔ ደግሞ ይባስ ዘግይቶ እነሱ ዘንድ ደረሰ። ሁሉም ጨርሶ ሻማው ከጠፋ በኋላ እኔ ገና የአባቴን ስም እየጠራሁ ነበር። ይህንን እንደ ማሟሟቂያ ቆጥሬ አለፍኩት።

ንግግሬን ወረቀት ላይ ጽፌ ከስልኩ ኋላ ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ። እንደሚያውቁት ካሜራው ከስክሪኑ በላይ ነው። የአባቴን ዓይን ካየሁ እሱ ዘንድ መሬት መሬት የማይ እመስላለሁ፤ ዓይኑን እያየሁት እንዲመስለው ከፈለግሁ ደግሞ ፊቱን ትቼ ያችን ነጥብ የምታህል ሌንስ ማየት አለብኝ። ስለዚህ በአክብሮት ሌንሷን እያየሁ ተናገርኩ። እርስዎ የገቡት በዚህ መሃል ነው። ሰው በማያይበት ሰዓት መግባት ያውቁበታል።

«አባዬ» አልኩ፣ «አንተ እኛን ያሳደግኸን በዱላ አይደለም፤ በፍቅር ነው።» ሳግ ተናነቀኝ። እንደምንም ዋጥ አድርጌ ቀጠልኩ። ስንታመም ሳይተኛ ስላደረው ሌሊት፣ ደብተራችንን እያየ ስለሚያመሸው፣ ስለ ሁሉም ተናገርኩ። ጨርሼ ዝቅ ብዬ ሳይ አፍንጫው ላይ ተቀምጠዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

እዚያ የደረሰውን በግምት አይደለም የማወራው፤ የአክስቴ ልጅ በራሷ ስልክ ስትቀርጽ ስለነበር ልካልኛለች። ሳሎኑ ጸጥ ብሏል። እኔ ቴሌቪዥኑ ላይ ነኝ። «አባዬ፣ አንተ እኛን ያሳደግኸን በዱላ…» እላለሁ። ጸጥታ። ከዚያ ከየት መጣ ሳይባል፣ ጥርት ብሎ፣ «ነው»። በቃ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቃል አልደረሰም፤ የደረሰው ፊቴ ብቻ ነው። ግራ ዓይኔ ተጨፍኗል፣ ቀኙ ፈጥጧል፣ አፌ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ወንጀለኛውን ለይቶ እንዲያሳይ እንደተጠራ ምስክር ሳሎኑን አፍጥጬ እመለከታለሁ። አንድ ሰው አሳለ። ከኋላ በኩል፣ ማን እንደሆነ አይታይም፣ «ልጁ የሆዱን ተናገረ» የሚል ድምፅ መጣ። ሌላው ግራ ገብቶት ማጨብጨብ ጀመረና ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ተወው። ያልደነገጠው አባቴ ብቻ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና «እውነቱን ነው፤ ትንሽ ትንሽ ነበረች» አለ።

የድሮ አለቃው ሲወጡ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ ልጅ እንዲህ ነው» ብለው እንዳጽናኑት እህቴ ነግራኛለች።

እርስዎ ሲለቁን የተለመደው ሥርዓት ተከናወነ። «ትሰማናለህ?» «እሰማችኋለሁ።» «አንሰማህም።» «እኔ እሰማለሁ!» «ምን አለ?» «እንጃ፣ አፉ ይንቀሳቀሳል።» «ዝጋና ደውል።» «እናንተ ዝጉ፣ እኔ እደውላለሁ።» ሁለታችንም ዘጋን፣ ሁለታችንም ደወልን፣ ሁለታችንም «ተይዟል» ተባልን። የቀረውን አንባቢ ራሱ ይሙላበት፤ በቃሉ ያውቀዋል።

ያልለቀቀኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። መስመሩ ለጥቂት ጊዜ ሲቃና አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ ስልኩ ተጠጋ። ግንባሩና የመነጽሩ ጠርዝ ብቻ ይታየኛል። እንግዶቹ እንዳይሰሙት ዝግ ብሎ «ይቅርታ ልጄ፣ ቅድም ሪሞቱን ነክቼው ነበር፤ እኔ ሳላበላሸው አልቀረሁም» አለኝ።

አላበላሸውም። ሪሞቱን መንካቱ መስመር አይቆርጥም። አንቺ ነሽ ያበላሸሽው፤ አንቺና እዚያ ያስቀመጡሽ ሰዎች። በገዛ ልደቱ፣ በገዛ ቤቱ፣ የ80 ዓመት ሰው ለተበላሸ መስመር ይቅርታ ጠየቀ። ለምን ይጠይቅ? «የእርስዎ ግንኙነት ደካማ ነው» ብላችሁ ስለምትጽፉ ነዋ! የእርስዎ። አንድ ቀን «የእኛ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እናንተ ስትጽፉት ለይስሙላ ነው፤ ሽማግሌዎች ግን ያነቡታል፣ ያምኑታልም። ሳይነኩ ነካን ይላሉ። ጣታቸውን ከስክሪኑ ያርቃሉ። ቀጥሎ «ልጆቹን አላስቸግር» ብለው መደወሉን ይተዉታል፤ እኛ ደግሞ «ቢደወልላቸውም አያነሱም» እያልን እናማቸዋለን። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ የሆስፒታል በር ለጠያቂ ሲዘጋ፣ ነርስ በያዘችለት ታብሌት እናቱን አባቱን የተሰናበተ ሰው ብዙ ነው። እዚያ ፊት ላይም ዞረሻል። ለዚያስ ይቅርታ የጠየቀ አለ?

ወደ አክብሮቴ ልመለስ።

ክብርት ሆይ፣ ርቀት ነው እንዳይሉኝ። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ 10,000 ኪሎ ሜትር የራቀ ዘመድ ዘንድ ለመድረስ 50 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ ሃያኛ፣ ይበቃዋል። ገመዱ ይጠማዘዝ፣ በየጣቢያው ይቁም፣ እጥፍ ይሁን እሺ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ራሱ በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሰከንድ የሚደርስ መዘግየት ንግግርን እምብዛም አያውክም ይላል። እንግዲህ ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣ ቃል ብዙ ጊዜ የሚሞተው ቤት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ኢንተርኔቱን ለቤቱ በሚያድለው ሳጥን፣ በራውተሩና በስልኩ መካከል። ራውተር ውስጥም ወረፋ አለ። የእህቴ ልጅ ጓዳ ተቀምጦ ከባድ ፋይል ሲያወርድ ሰላምታችን ከፋይሉ ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ «ጊዜህ አልፏል» ተብሎ ይጣላል። ከወረፋ ሸሽተን በገባንበት ስክሪን ውስጥም ወረፋ ጠበቀን።

የቪዲዮ ጥሪ የጠፋበትን ቃል «እንደገና ላኩልኝ» ብሎ ቆሞ አይጠብቅም። ዘግይቶ የደረሰ ቃል ለጨዋታ አይሆንምና ዘልሎት ያልፋል። ይህ ተገቢ ነው፣ አልከራከርም፤ «አይደለም፤ በፍቅር» የሚለው የተዘለለው በዚሁ ሕግ መሠረት ነው። ምስሉም በየቅጽበቱ ሙሉውን አይላክም፤ ከቀደመው የተለወጠው ብቻ ነው የሚላከው። አንድ ቁራጭ ሲጠፋ ፊታችን በካሬ በካሬ የሚበታተነው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ተረድቻለሁ። ነገር ግን የሙያው ሰዎች በደንብ የሚያውቁት ሌላም ነገር አለ፦ ድምፅ ከምስል እጅግ ያነሰ መንገድ ነው የሚፈልገው። መስመር ሲጠብ ምስሉን ጥሎ ድምፁን ማሳለፍ ይቻላል፤ ደህና ደህናዎቹ አፖች ያደርጉታል። (በምልክት ቋንቋ ለሚነጋገሩ ሰዎች ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ለእነሱ ምስሉ ራሱ ድምፅ ነው። የቱ ይቅርላችሁ ብሎ የሚጠይቃቸው ካለ እርስዎ ያውቃሉ።) እሑድ ዕለት እርስዎ ድምፄን ወስደው ያንን ፊት ተዉልኝ።

ማታ ለአባቴ በተራ ስልክ ደወልኩለት። ምስል የለም፣ የሚዞር ነገር የለም። ንግግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት፤ አንድ ቃል አልጎደለም። ሰምቶ ሲጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይሄን ለእንግዶቹ ብትላቸው ኖሮ።»

እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት የነበሩትንም አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1927 የያኔው የአሜሪካ ንግድ ሚኒስትር ኸርበርት ሁቨር ዋሽንግተን ተቀምጠው ፊታቸው ኒው ዮርክ ላይ ታየ። ኒው ዮርክ ያሉት አዩአቸው፤ እሳቸው ግን ድምፅ ብቻ ሰሙ፣ ማንንም አላዩም። በ1936 ጀርመን በርሊንንና ላይፕዚግን በምስል ስልክ ስታገናኝ፣ ለመተያየት ሁለቱም ወገኖች በየከተማቸው ፖስታ ቤት ድረስ መሄድ ነበረባቸው። በ1964 በኒው ዮርኩ የዓለም ትርዒት «ፒክቸርፎን» የተባለው የምስል ስልክ ሕዝብ አስደነቀ፤ በ1970 ፒትስበርግ ላይ ለገበያ ሲቀርብ ደግሞ ውድ ሆነና ፈላጊ አጣ። በእነዚህ ሁሉ ላይ የሚዞር ክብ አልነበረም። ከጠፋ ጠፋ ነው፤ ሰው አፉን ዘግቶ ይነሳል። «አሁን፣ አሁን» እያሉ ሰውን አፉን እንደከፈተ ማስቀመጥን ያመጡት እርስዎ ነዎት።

ሌላውን ቅሬታ አላበዛም። ለአክስቴ አንዱ አፕ፣ ለወንድሜ ሌላው፣ ለጓደኛዬ ሦስተኛው፤ በተራ ስልክ ማንም ለማንም ይደውላል፣ የእናንተዎቹ ግን አንዱ የሌላውን ደጅ አይረግጥም። አፕዴት የሚመጣው ስንቸኩል ነው። የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው አባቴ ድሮ ወደተወው ቁጥር ነው። ስካይፕ የተባለው የጥሪ አፕ እ.ኤ.አ. በ2003 ተነስቶ ስሙ በሰው አፍ ከገባ በኋላ በሜይ 2025 ተዘጋ፤ ሽማግሌዎቻችን ለመዱልን ያልን ሁሉ እንደገና ከሀ ጀመርን። ጫጫታ ማጥፊያው ንግግር ያልመሰለውን ሁሉ ጫጫታ ይለዋል፤ ጭብጨባም ጫጫታ ነው። ጥግ ላይ የራሳችንን ፊት የምታሳየን ሳጥንም አለች። የአሜሪካው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 የቪዲዮ ጥሪ ለምን እንደሚያደክም ሲዘረዝሩ አንዱ ምክንያት ራስን ሳያቋርጡ ማየት ነው ብለዋል። ከእሑድ ወዲህ እኔን ለማሳመን ፕሮፌሰር አያስፈልግም።

አቤቱታዬን በቅጹ መሠረት አቅርቤ ነበር። «ችግሩን ይምረጡ» ይላል። ከዝርዝሩ ውስጥ «አባቴን በ80ኛ ዓመቱ በእንግዳ ፊት በዱላ ከሰስኩት» የሚል የለም። «ድምፅ ተቆራርጧል» የሚለውን መረጥኩ። መልሱ ዓይኔን ሳልጨፍን ደረሰ፤ ከእናንተ ዘንድ በፍጥነት የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው፦ «ራውተርዎን አጥፍተው ያብሩት።» እነ እህቴ ዘንድ ደግሞ ጥሪው እንዳበቃ «ጥራቱ እንዴት ነበር?» የሚል ጥያቄ ከነአምስት ኮከቡ ብቅ ብሏል። እህቴ እንግዳ ስትሸኝ አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ ሁሉንም አንድ በአንድ ነካቸው። ስለዚህ በመዝገባችሁ ላይ እሑድ ያለ እንከን እንዳለፈ አውቃለሁ።

በትሕትና የምለምንዎ እነሆ። ሲገቡ ያስታውቁ፤ ስልኩ ይንዘር፣ አንድ ነገር ያሰማ፣ ለግድግዳ አናውራ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳያጣሩ «የእርስዎ» አይበሉ፤ «መስመሩ ተበላሽቷል» ይበቃል። ከሁለቱ አንዱን መውሰድ ግድ ከሆነብዎ ምስሉን ይውሰዱ። ያንን ፊት እንኳን እንግዶቹ እኔም አልፈለግሁትም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
– ጓዳ ተቀምጦ ፋይል ለሚያወርደው የእህቴ ልጅ
– ወሬው ሲደራ ስክሪኑን ሞልቶ ለሚመጣው የባትሪ ማስጠንቀቂያ
– ሰው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ «ድምፅዎ ተዘግቷል» ለሚለው ምልክት (የእሱ ደብዳቤ ለብቻው ይደርሰዋል)