ሙድሪክ ያመለጠን ቀን

ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ሰዓቱን ጠብቆ ይወርዳል፣ ስልካችን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል። አራት ኪሎ የምንሰበሰብባት ቡና ቤት ውስጥ አራት ሆነን ተቀምጠን አራታችንም አቀርቅረናል። ያየን ሰው ጸሎት ላይ ናቸው ሊል ይችላል። ቴሌግራም ነው። አንዱ «ሰበር!» ሲል ሦስታችን ቀና እንላለን። «አርሴ ከተጫዋቹ ጋር በደመወዝ ተስማማ።» ትናንትም ተስማምቶ ነበር። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ሌላ ቻናል ላይ ልጁ ለንደን ገብቶ የሕክምና ምርመራውን ጨርሶ ነበር። ዛሬ ጠዋት በደረሰን መሠረት እናቱ ቤት እረፍት ላይ ነው።

ጨዋታ በሌለበት በዚህ ወቅት የምንከራከረው ጨዋታ ካለበት ጊዜ ይብሳል። ጨዋታ ላይ ውጤት አለ፤ ሦስት ለባዶ ከተሸነፍክ አፍህን ይዘህ ማኪያቶህን ትጠጣለህ። በዝውውር ወሬ ግን ማንም ተሸንፎ አያውቅም። ሐምሌ ላይ ሁሉም ክለብ ቻምፒዮን ነው።

እኔ ወሬውን አልጠላም። ያለ እሱ ክረምቱ እንዴት ይገፋል? ልጅ እያለን እዚሁ አራት ኪሎ የስፖርት ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተን፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ከሳምንት በፊት የሞተ ወሬ እንደ ትኩስ እናነብ ነበር። ውሸት መሆኑም አያናድደኝም። የሚያናድደኝ፣ ልጁ ኳስ ሳይነካ ወይ ፈርደንለት ወይ ፈርደንበት መጨረሳችን ነው። ይህን የምለው ከሳሽ ሆኜ አይደለም። ተከሳሹ ራሴ ነኝ።

በ2023 ጥር ላይ (የኳሱን ዓመት በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) አርሰናል የዩክሬኑን ክንፍ ተጫዋች ሙድሪክን ሲያሳድድ ሰነበተ። ክረምት አልነበረም፣ ግን ያን ያህል ወሬ የጠጣሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ልጁ ራሱ የአርሰናልን ጨዋታ ሲያይ ኢንስታግራም ላይ ይለጥፍ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል? እኔ በአእምሮዬ ማሊያ ሰጥቼው፣ በግራ ክንፍ አሰልፌው፣ ሁለት ጎል አግብቶልኝ ነበር። ከዚያ ቼልሲ 70 ሚሊዮን ዩሮ፣ ላዩ ላይ ደግሞ በውጤት የሚከፈል 30 ሚሊዮን ይዞ መጣና የስምንት ዓመት ተኩል ውል አስፈርሞት ሄደ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ባለቤቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ነበር።

በቀናት ልዩነት ብራይተን ከሚባል ክለብ ትሮሳርድን አመጡልን። 20 ሚሊዮን ፓውንድ እና ትንሽ ጭማሪ። ዕድሜው 28። «ጡረተኛ ገዙልን» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ባለበት። መጋቢት ላይ ይኸው ጡረተኛ ፉልሃም ሜዳ ሄዶ በአንድ ግማሽ ሦስት ለጎል የሚሆኑ ኳሶችን አቀበለ። በቀጣዩ ዓመት በሁሉም ውድድር 17 ጎል አገባ። ሙድሪክ በቼልሲ ማሊያ የመጀመሪያ ጎሉን ያገባው ጥቅምት ወር ላይ ነው፣ ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ። በልጁ ላይ ሙድ ለመያዝ አይደለም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ዋጋ፣ አሰልጣኝ በሚለዋወጥበት ቤት ማን ይጫወታል? ሙድ የምይዘው በራሴ ላይ ነው። ከሁለቱም አንዳቸውን ሙሉ ዘጠና ደቂቃ ተቀምጬ አይቼ አላውቅም ነበር።

እስቲ ወሬው ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀበና አካባቢ ሁለት ክፍል ቤት አየሁ። ደላላው በሩን ከፍቶ ገና ሳልገባ «ወንድሜ፣ ቶሎ ወስን፤ ጠዋት አንድ ዲያስፖራ አይቶት ወዶታል፣ ከሰዓት ቀብድ ሊያስይዝ ነው» አለኝ። ደነገጥኩ። በወር 3,000 ብር ጨምሬ ያዝኩት። ከገባሁ በኋላ ጎረቤቴ እንደነገሩኝ ቤቱ አራት ወር ባዶውን ነበር። ዲያስፖራ የሚባል ሰው እንኳን ሊያየው በደጁም አላለፈም።

ሪያል ማድሪድ የእግር ኳሱ ዲያስፖራ ነው። የተጫዋቹ ወኪል ደመወዝ ማስጨመር ሲፈልግ «ማድሪድ አይቶታል» ይላል። ሻጩ ክለብ ዋጋ መስቀል ሲፈልግም እንደዚያው። አንዳንዴ ደግሞ ራሱ ማድሪድ ለገዛ ተጫዋቹ የሚደነግጠው ተከራይ ይሆናል፣ ዲያስፖራውም ሌላ ክለብ። በ2015 ክረምት የማድሪዱ ተከላካይ ሰርጂዮ ራሞስ ማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ሊገባ ነው ተብሎ ስንት ሰው ማሊያ ሊያሳትም ደርሶ ነበር። ነሐሴ ላይ ራሞስ እዚያው ማድሪድ ቁጭ ብሎ እስከ 2020 የሚያቆየውን ውል ፈረመ። ወሬው ሥራውን ሠርቷል፤ ለእኛ ግን አልነበረም የተወራው።

የዚያኑ ክረምት ማድሪድ ሊገዛው የነበረው የማንቼ በረኛ የዴ ሄያ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ወሬው እውነት ነበር፤ ዋጋው ተስማምቷል፣ ሁሉም አልቋል፣ በመጨረሻው ቀን ሰነዱ በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። በረኛው ማንቼ ቀረ፣ በልዋጭ ሊሄድ የነበረው ኬይሎር ናቫስም ማድሪድ ቀረ። ያ ሊሸጥ የነበረ ናቫስ ተከታትሎ ሦስት ቻምፒየንስ ሊግ በላ። ማድሪዶች ያን ማታ ስንት ተራግመው ይሆን?

በ2025 የሆነውን አስታውሱ። የኒውካስሉ አጥቂ የአሌክሳንደር ኢሳክ ወላጆች ኤርትራውያን ስለሆኑ እኛ ቤት ኒውካስልን የማይወድ ሰው እንኳ «ልጃችን» ይለው ነበር። የቡሄ ዕለት ማታ፣ ቃል የተገባልኝ ፈርሷል፣ መተማመን ከጠፋ አብሮ መቀጠል አይቻልም የሚል መግለጫ ለጠፈ። ማግስቱን ደግሞ የክሪስታል ፓላሱ ኤዜ ከቶተንሃም እጅ ላይ ተነጥቆ ወደ አርሰናል መዞሩ ተሰማ። በ13 ዓመቱ አርሰናል ያባረረው ልጅ! ጾም መያዜን ረስቼ ክትፎ ላዝ ነበር። ነሐሴ 26 ማታ በ3 ሰዓት የዝውውር መስኮቱ ሲዘጋ ኢሳክ የሊቨርፑል ሆነ፣ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በእንግሊዝ ታሪክ ውዱ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ የለ። ልብ በሉ ግን፣ ሁለቱንም ለዓመታት በዚያው ሊግ እያየናቸው ነበር። ስለ ዋጋቸው ተጨቃጨቅን እንጂ ማን እንደሆኑ ማንም አልጠየቀም። እንዲህ ያለው ወሬ ደስ ይላል።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ፣ ሁሌ የሚያጨቃጭቀን ስለሆነ። «100 ሚሊዮን አውጥተው ከስረዋል» የሚባለው በመዝገብ ላይ እንደዚያ አይደለም። ዋጋው በውሉ ዓመታት ይካፈላል፤ አምስት ዓመት ከሆነ በዓመት 20 ሚሊዮን ተብሎ ይያዛል። ቼልሲ ስምንት ዓመት የሚያስፈርመው ለዚህ ነበር፤ ረጅም ዕቁብ ማለት ነው። ያየ ሁሉ ሊከተለው ሲል በ2023 የአውሮፓም የእንግሊዝም ሕግ ሂሳቡ ከአምስት ዓመት በላይ እንዳይካፈል ከለከለ። ከራስ አካዳሚ የወጣ ልጅ ሲሸጥ ግን የተገዛበት ዋጋ ስለሌለ ጠቅላላው ትርፍ ነው። ስለዚህ ክለቦች በገንዘብ ሕጉ ሲጨነቁ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ያሳደጉት ልጅ ላይ ነው። በ10 ዓመቱ አርሰናል የገባው ስሚዝ ሮው በ2024 ወደ ፉልሃም ሲሸጥ የሂሳብ ሠራተኛው ደስ ብሎት ይሆናል። እኔ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። 2019። ያኔ ገና ፒያሳ ነበር የምንቀመጠው፣ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሳይፈርስ። አርሰናል ክንፍ ተጫዋቹን ፔፔን በ72 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፣ የክለቡ ሪከርድ ነበር። እኛ የስምንት ደቂቃ የዩቲዩብ ቪዲዮውን ከነሙዚቃው በቃላችን ይዘነው ነበር። እንደ እነዚያ ቪዲዮዎች የሚሸውድ ነገር የለም። ሁሉም ተጫዋች እዚያ ላይ ሮናልዲንሆ ነው። ኳስ ሲነጠቅ የሚያሳይ፣ ወደ ኋላ ሳይመለስ ሲቆም የሚያሳይ ቪዲዮ ማን ይሠራል? በዚያው ክረምት ኢቱዋኖ ከሚባል የብራዚል ትንሽ ክለብ አንድ የ18 ዓመት ልጅ በ6 ሚሊዮን ገደማ መጣ። ማርቲኔሊ። አንዳችንም «ማነው?» ብለን አልጠየቅንም። ከአራት ዓመት በኋላ የፔፔ ውል በስምምነት ፈረሰ፤ ያኔ ማርቲኔሊ በአንድ የሊግ ዘመን 15 ጎል ያገባ ተጫዋች ሆኖ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ሙድሪክ ሲመጣ ያው ቪዲዮ ፊት ተመልሼ ተቀመጥኩ። አልተማርኩም።

ከጎናችን ጥግ ላይ የሚቀመጡ፣ ጋሼ የምንላቸው የጊዮርጊስ ደጋፊ አሉ። ቀኑን ሙሉ ይሰሙናልና አንድ ቀን አልቻሉም። «የኢቱዋኖን ስም ታውቃላችሁ። ጊዮርጊስ ዘንድሮ ማንን እንዳስፈረመ ንገሩኝ እስቲ!» ዝም አልን። አንዱ ጓደኛዬ፣ ክፉ የቡና ደጋፊ ነው፣ «ጋሼ፣ እናንተም አታውቁትም፤ ውሉ አንድና ሁለት ዓመት፣ ቡድኑ በየክረምቱ እንደ አዲስ ይሠራል፣ ዋጋውን የሚነግረን የለ፣ ስለ ምን እናውራ?» አላቸው። እውነቱን ነው። ወሬ እንኳን ቁጥር ይፈልጋል። ጋሼ ግን አልተረቱም። «አቡበከር 29 ጎል ያገባ ጊዜስ ቁጥር አልነበረም?» አሉ፣ የቡናውን ልጅ አቡበከር ናስርን ለቡና ደጋፊ እያነሱ። ጓደኛዬ ፈገግ አለ። በ2013 ዓ.ም. ያንን ልጅ በየሳምንቱ ዲኤስቲቪ ላይ እያየነው ነበር፣ ከነሚስተውም ጭምር። ደቡብ አፍሪካ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲወስደው ምን እንደሚወስዱ ከእኛ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ስለ እሱ ሰበር ዜና የሚነግረን አላስፈለገንም።

ያን ቀን ውርርድ ገባን። አዲስ የሚፈርም ተጫዋች ላይ እስከ መስቀል ማንም አስተያየት እንዳይሰጥ፣ ክፉም ደግም። ልጁ ቢያንስ አምስት ስድስት ጨዋታ ይታይ። የጣሰ ሰው ለጠረጴዛው ሁሉ ማኪያቶ ይከፍላል፣ ጋሼንም ጨምሮ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እስካሁን ሁለት ዙር ከፍያለሁ፣ አንዱን ስለ አንድ ገና ስላልፈረመ ግራ ተከላካይ። ጋሼ አሁን አሁን ድርብ ነው የሚያዙት።