ሴት ቢያውቅ፣ በወንድ ያልቃል፦ «ማን ሠራልሽ?» ለሚሉ ደጋግ ሰዎች የቀረበ ምስጋና

ውለታቸው ሳይነገርላቸው ከሚኖሩ ደጋግ ሰዎች መካከል፣ አንዲት ሴት በራሷ እጅ ያቀናበረችውን ሙዚቃ ሰምተው ሲያበቁ ቀረብ ብለው «በጣም ደስ ይላል፤ ለመሆኑ ቢቱን ማን ሠራልሽ?» የሚሉትን የሚስተካከል አይገኝም። ቢት ማለት ዘፈኑ የሚቆምበት የምት ቅንብር ነው። ማጨብጨብማ ማንም ያጨበጭባል። በዐይን ከምትታይ ሴት ጀርባ በዐይን የማይታይ ወንድ መኖሩን ለመረዳት ግን ከተራ አድማጭ የላቀ እምነት ያስፈልጋል፤ እምነት ደግሞ፣ እንደሚታወቀው፣ የማናየውን ነገር የሚያስረዳ ነው።

አበው «ሴት ቢያውቅ፣ በወንድ ያልቃል» ሲሉ ስለ ሲንተሳይዘርም ሆነ ስለ ላፕቶፕ የሰሙት ነገር አልነበረም። አንድ ዘፈን ተቀርጾና ድምፆቹ ተመጣጥነው ሚክስ ከተደረገ በኋላ ማስተሪንግ የሚባል የማጠናቀቂያ ሥራ እንደሚቀረውም አያውቁም። እንዲያም ሆኖ ማለቂያው የማን እንደሚሆን አስቀድመው ወስነው አልፈዋል፤ የዛሬዎቹ ጠያቂዎችም ውርሱን ሳይሸራርፉ ጠብቀው ማቆየታቸው ያስመሰግናቸዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ደግሞ ውርሱ በአንደርግራውንድ ሙዚቀኞች መንደር ያገኘው ጥበቃ ነው። የአንደርግራውንድ ሰው ትልልቅ አሳታሚዎችን አይቀበልም፤ ሬዲዮ የሚወደውን ዘፈን ይንቃል፤ አንዳንዴም ዜማ የሚባለውን ነገር ራሱን ይጠራጠራል፤ በአጭሩ ነባር የተባለ ሥርዓት ሁሉ እንዲፈርስለት ይመኛል። ከሚፈርሰው ሁሉ መሀል ይህቺን አንዲት ጥያቄ ለይቶ፣ አቧራዋን አራግፎ ያስቀመጣት ለቅርስ ካለው ፍቅር የተነሣ መሆን አለበት።

በቅርቡ በአንድ ጠባብ ምድር ቤት ወደተሰናዳ ዝግጅት ቀደም ብዬ ደርሼ ይህ ጥበብ ሲተገበር በቅርብ ለማየት ታድያለሁ። ሙዚቀኛዋ ላፕቶፗንና የከበሮ ምት የሚያመነጭ አንድ አሮጌ ድራም ማሽን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ የማሽኑ ቁልፎች ጽሑፋቸው በጣቷ ተፍቆ ስላለቀ በየቁልፉ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፋ በእስክሪብቶ ስም ጽፋላቸዋለች። አብሯት የመጣው ወጣት የኬብል ቦርሳዋን ይዞላት ነበር። ሥራው ሒሳብ መዝገብ ሲሆን ከሙዚቃ መሣሪያ ጋር ያለው ዝምድና በዚያች ቦርሳ ያበቃል። የቤቱን ድምፅ የሚቆጣጠረው ሳውንድ ማን ከዝግጅቱ በፊት ለሚደረገው የድምፅ ሙከራ፣ ለሳውንድ ቼክ፣ መጣና በቀጥታ ወደ ወጣቱ ዞሮ «ወንድሜ፣ ከማሽኑ የሚወጣው ስቴሪዮ ነው ወይስ ሞኖ?» አለው። ወጣቱ ወደ እሷ ተመለከተ። እሷም «ስቴሪዮ ነው፤ ሁለት ቻናል ስጠኝ፤ ባሱን ግን ለብቻው በሦስተኛ አወጣዋለሁ» ስትል መለሰች። ሳውንድ ማኑ በትሕትና ራሱን ነቀነቀና «እሺ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ የወጣቱን ትከሻ ቸብ አደረገ። ይህ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። በሦስተኛው ላይ ወጣቱ ራሱ የሚያውቅ እየመሰለው ሄዶ «ባሱን ትንሽ ቀንስ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ባሱም ወዲያውኑ ተቀነሰ። እሷ ግማሽ ሰዓት ሙሉ «ጨምርልኝ» ስትል የቆየችው እሱኑ ነበር።

የእነዚህ ሰዎች ደግነት ትናንት የተጀመረ እንዳይመስልብን። እ.ኤ.አ. በ1963 ዴሊያ ደርቢሻየር የምትባል እንግሊዛዊት ለቢቢሲ ፕሮግራሞች ልዩ ድምፅ በሚያዘጋጀው ክፍል፣ በሬዲዮፎኒክ ወርክሾፕ ውስጥ «ዶክተር ሁ» ለተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የመግቢያ ሙዚቃ ሠራች። የሙዚቃ ደራሲው ሮን ግሬነር የሰጣት በወረቀት የሰፈረ ዜማ ነበር፤ እሷ ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያና ከአንዲት ተመቺ ክር የቀዳችውን ድምፅ አንድ በአንድ ቃናውን እየለወጠች፣ ቴፑን እየቆረጠችና ቁራጩን ከቁራጭ እየቀጠለች ያንን ወረቀት ማንም ሰምቶት ወደማያውቅ ሙዚቃ ቀየረችው። ግሬነር ውጤቱን ሲሰማ ይህን የጻፍኩት በእርግጥ እኔ ነኝ ወይ እስከማለት ደረሰ፤ የድርሰቱ ተካፋይ ሆና እንድትመዘገብም ፈለገ። ደግነቱ መሥሪያ ቤቱ ለእንዲህ ያለ ችኩልነት ቦታ አልነበረውም፤ የወርክሾፑ ሠራተኞች በስማቸው እንዲጠሩ ደንቡ አይፈቅድም ነበርና ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ስሟ በድራማው ስክሪን ላይ የታየው በ2013፣ ሃምሳኛው ዓመት ሲከበር ነው። እሷ ከሞተች ያን ጊዜ 12 ዓመት ሆኗታል። ሙገሳ ልብ ያሳብጣል፤ ለአንዲት ሴት ትሕትና ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ያደረገ ካለ ይንገረን።

በአይስላንድ የፓንክ ባንዶች ውስጥ ያደገችው ዘፋኝ ቢዮርክ ግን ውለታ የማይገባት ሆና ተገኘች። በ2015 ፒችፎርክ ለተባለው የሙዚቃ ድረ ገጽ በሰጠችው ቃለ ምልልስ እንዳለችው፣ «ቬስፐርታይን» በተባለው አልበሟ ላይ ሦስት ዓመት ደክማ ከቢቶቹ 80 በመቶ ያህሉን ራሷ ሠርታለች፤ ማትሞስ የተባሉት ሁለት ወንዶች በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት መጥተው የምት ድምፅ ጨመሩበት፤ ከዚያ በኋላ ግን አልበሙን በሙሉ የሠሩት እነሱ እንደሆኑ በየቦታው ተጻፈ። እሷ ይህን እንደ ስሞታ ነው ያቀረበችው። እኔ ግን ሚዛኑን ሳየው እንከን አላገኘሁበትም፦ በአንድ ወገን የአንዲት ሴት ሦስት ዓመት፣ በሌላው ወገን የሁለት ወንዶች ሁለት ሳምንት አለ፤ የትኛው እንደሚያጋድል ሚዛን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ሰዎች ሴቶችን ከመሣሪያቸው ጋር በፎቶግራፍ አለማየታቸው አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ብትል ደግሞ፣ ኤሌክትሪክ ኢንዲጎ በሚል የዲጄ ስም የምትታወቀው ሙዚቀኛ በ1998 ቪየና ላይ የመሠረተችው ፊሜል ፕሬሸር የተባለ መረብ በሺህ ኬብል መሀል የተቀመጡ ሴቶችን ፎቶግራፍ ያሰባስብ ጀመር። ይኸው መረብ በ2013 የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫሎችን ዝርዝር ቆጥሮ የሴቶቹ ድርሻ 10 በመቶ እንኳ እንደማይሞላ ማስታወቁም አይዘነጋም። መቁጠሩ ባላስፈለገ ነበር፤ የፌስቲቫል አዘጋጆች «እኛ የምናየው ጥራትን እንጂ ፆታን አይደለም» ሲሉ በቃላቸው ማመን ይበቃል፤ ጥራት በየዓመቱ ጢም አብቅሎ ቢመጣ የእነሱ ጥፋት አይደለም።

ራሳችንን በራሳችን እንገልጻለን የሚለው ግትርነት ጎልቶ የወጣው በ1991 ገደማ በአሜሪካ ኦሎምፒያ በምትባል ከተማ ነው። ቢኪኒ ኪልን የመሳሰሉ ባንዶች ራዮት ገርል የተባለውን የሴቶች የፓንክ እንቅስቃሴ ጀመሩ፤ ጊታር ከያዙ በኋላ ጠመንጃ እንደያዘ ሰው ፍርሃት ለቀቃቸው፤ የራሳቸውን መጽሔት በፎቶ ኮፒ እያባዙ አሰራጩ፤ የቢኪኒ ኪል ድምፃዊት ካትሊን ሃና በኮንሰርት መሀል ወንዶቹ ወደ ኋላ እንዲሉና ሴቶቹ ወደ ፊት እንዲመጡ ታዝ ነበር። ታዲያ ጋዜጠኞች መከራቸውን አዩ። ሴቶቹ ስለ መደፈርና ስለ ድብደባ ሲጮኹ፣ ጋዜጠኛው የአንባቢውን ስሜት ላለመጉዳት ስለ ቀሚሳቸውና ስለ ፀጉራቸው ይጽፍ ነበር። እነሱ ግን በ1992 ከጋዜጠኛ ጋር አንነጋገርም የሚል ጥሪ እስከማስተላለፍ ደረሱ። ሰው ስለ ቀሚሱ ተጽፎለት እንዲህ ይኮራል?

ወደዚያ ምድር ቤት ልመለስ። ሙዚቀኛዋ ተጫውታ ስትጨርስ መውጫው አጠገብ ካሴቶቿን ደርድራ መሸጥ ጀመረች። አንድ መነጽር ያደረጉ፣ ሙዚቃ እንደሚወዱ ከፊታቸው የሚነበብ ሰው ቀረቡና በቅድሚያ «ለሴት ልጅ በጣም ጎበዝ ነሽ» ብለው መረቋት፤ ቀጥለው ቢቱን ማን እንደሠራላት ጠየቁ። እሷ ምንም ሳትናገር አንዱን ካሴት ገልብጣ ሰጠቻቸው። በጀርባው ላይ ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ በጎላ ፊደል «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ቀረጻ፣ ሚክስ፣ ማስተሪንግ፦ እኔ ራሴ» ይላል። ሰውየው መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አነበቡት። ፊታቸው በራ። ካሴቱን በአክብሮት መለሱላትና፦

«እንዲህ ብሎ መጻፍ ግሩም ሐሳብ ነው» አሏት፤ «ማን መከረሽ?»